የሞዘል ሸለቆ፦ ወንዙ፣ ከተሞቹና የወይን ገበሬዎቹ አቤቱታ

ባለፈው ሴሚስተር በማኅበራዊ ፖሊሲ ትምህርታችን ላይ አንድ ነገር በፍጥነት ተነግሮ ታለፈ። ካርል ማርክስ ከፍልስፍና ወደ ኢኮኖሚ ጥያቄ የዞረው በሞዘል ወንዝ ዳር ስለሚኖሩ የወይን ገበሬዎች ችግር ሲጽፍ ነው ተባለ። ፈተና ላይ አልመጣም። እኛ ግን፣ ማለትም ማታ ማታ አብረን የምናጠና ጥቂት የማኅበሩ ተማሪዎች፣ ሞዘል የት እንደሆነ እንኳ አናውቅም ነበርና ካርታ ዘረጋን። ከካርታው ወደ ወይኑ፣ ከወይኑ ወደ ከተሞቹ፣ ከከተሞቹ ደግሞ ወደ አንድ አሮጌ የጋዜጣ ጽሑፍ ደረስን። ያገኘነውን ወላጆቻችንም እንዲያነቡት በአማርኛ አቅርበነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞዘል የሚነሳው በምሥራቅ ፈረንሳይ ከሚገኙት የቮዥ ተራሮች ነው። ኤፒናልንና ሜስን አልፎ ወደ ሰሜን ይወርድና የሉክሰምበርግና የጀርመን ድንበር ይሆናል። ድንበሩ ላይ መጀመሪያ የሚያገኛት የሉክሰምበርግ መንደር ስሟን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሼንገን ናት። በ1985 የአውሮፓ አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማስቀረት የተፈራረሙት እዚያ፣ ሞዘል ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወንዙ ሳር የሚባለውን ትልቅ ገባር ተቀብሎ ትሪየር ከተማ ይገባል። ከትሪየር በኋላ በሁለት ደጋማ አገሮች መካከል፣ በስተሰሜን አይፍልን በስተደቡብ ሁንስሩክን ይዞ እየተጠማዘዘ ሄዶ ኮብሌንዝ ላይ ከራይን ጋር ይቀላቀላል። ርዝመቱ በጠቅላላው ወደ 545 ኪሎሜትር ነው።

"እየተጠማዘዘ" ያልነው ለወጉ አይደለም። ከትሪየር እስከ ኮብሌንዝ ወፍ የምትበርበት መንገድ 100 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ወንዙ ግን ወደ 190 ኪሎሜትር ይጓዛል። ወይኑን ያመጣው ይኸው መጠማዘዝ ነው። ቦታው 50ኛው የሰሜን ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለወይን ብርዳማ ነው። እዚህ እስራኤል ጎላን ላይ ወይን የሚተክል ሰው ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ከፍታ ይወጣል፤ የሞዘል ገበሬ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ ገደል ላይ ይወጣል። ወንዙ በታጠፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቁልቁለት ይፈጠራል፤ ገደሉም ቀጥ ባለ መጠን ዝቅ ብላ የምታልፈውን የሰሜን ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኛታል። ወንዙ ራሱ ብርሃን መልሶ ያበራል፣ ውርጩንም ያለዝባል። መሬቱ በስስ በስሱ የሚላጥ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፤ ጀርመኖቹ ሺፈር ይሉታል። ይህ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ዕድሜው ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ያን ጊዜ አገሩ የባሕር ወለል ነበረ።

እዚያ የሚበዛው የወይን ዓይነት ሪስሊንግ ነው። ነጭ ነው፣ ዘግይቶ ይበስላል፣ ብርድ ይችላል። በብዛት እንዲተከል ያደረገው የትሪየሩ ገዢ ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንትስላውስ ነው፤ በ1787 መናኛው የወይን ዓይነት ተነቅሎ በተሻለ እንዲተካ አዘዘ። ወይኑ ኮሸር ነው ወይ ብለው ለሚጠይቁን እናቶች፦ ከሸለቆው የሚወጣው በአብዛኛው አይደለም።

ፎቶግራፍ ላይ የማይታየው ሥራው ነው። ብሬም በሚባል መንደር አጠገብ ያለው የካልሞንት ገደል በቦታ በቦታው ከ60 ዲግሪ በላይ ያጋደለ ነው፤ በአውሮፓ ወይን ከሚለማባቸው ቦታዎች ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነው ይባላል። ትራክተር አይወጣበትም። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ የወይን ተክል ለብቻው በአንድ ችካል ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች ወደ ታች ተጎብጠው ሲታሰሩ የልብ ቅርጽ ይሠራሉ። ይህም ጌጥ ሆኖ አይደለም፤ ሠራተኛው ወደ ጎንም ወደ ላይም እንዲያልፍ ነው። በክረምት ይገረዛል፣ በጸደይ ይታሰራል፣ በበጋ ቅጠሉ ይቀነሳል፣ በመከር ዘለላው በእጅ ይለቀማል። ዝናብ ያንሸራተተው ድንጋይና አፈር ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ድሮ በጀርባ ነበር የሚሸከሙት። ዛሬ በአንድ ሐዲድ ላይ ገደሉን የምትወጣ ትንሽ ባቡር መሰል ማሽን አለች። እንዲያም ሆኖ ገደል ላይ ያለ አንድ ሄክታር ሜዳ ላይ ካለው ብዙ እጥፍ የሥራ ሰዓት ይበላል። ዛሬ ዘለላውን ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ለወቅቱ ከፖላንድና ከሩማንያ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው።

ከከተሞቹ አንዷ ትሪየር ናት። ሮማውያን የቆረቆሯት ከዛሬ 2,000 ዓመት በፊት ነው፤ ከ170 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቆመው ጥቁሩ የከተማ በር፣ ፖርታ ኒግራ፣ አሁንም መሐል ከተማ አለ። ከትሪየር ዝቅ ብሎ ኖይማገን በሚባል መንደር በርሜል የጫነ የወይን መርከብ የተቀረጸበት የሮማውያን ዘመን የመቃብር ድንጋይ በ1878 ተገኝቷል። ፒስፖርት ላይ ደግሞ በ1985 የሮማውያን የወይን መጭመቂያ ተቆፍሮ ወጣ። ስለዚህ ንግዱ አሮጌ ነው። ትራበን ትራርባህ በ1900 አካባቢ በወይን ነጋዴዎች የከበረች ከተማ ነበረች፤ ከቤቶቹ ሥር ትልልቅ የወይን ጓዳዎች ተቆፍረዋል። ኮኸም ከኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥቷ ጋር ቱሪስቱ የሚወዳት ናት፤ እኛ አንዘገይባትም።

የምንዘገየው በርንካስቴል ኩዝ ላይ ነው። ኩዝ በኩል፣ ወንዙ ዳር፣ የቅዱስ ኒኮላስ ሆስፒታል የሚባል ቤት አለ። ስሙ ሆስፒታል ይሁን እንጂ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ያቋቋመው በዚያው መንደር በ1401 የተወለደው ካርዲናል ኒኮላውስ ፎን ኩዝ ሲሆን የመሠረተው በ1458 ነው። 50 ዓመት ያለፋቸው 33 ወንዶች እንዲኖሩበት ወሰነ፤ ቁጥሩን የመረጠው በሃይማኖቱ ምክንያት ነው። የቄሶችና የመኳንንት ቦታ ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ለተራ ሰው የተተወ ነው። ለእኛ ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች የሚገርመው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው። ለቤቱ የወይን ማሳ ተሰጠው። ለአንድ ዓመት የተለመነ ምጽዋት ሳይሆን በየዓመቱ የሚያፈራ መሬት ነበር የተሰጠው። ቤቱ እስከ ዛሬ አረጋውያን ይኖሩበታል፣ የወይን ማሳም አለው። የትኛው የዘመናችን ፕሮጀክት ነው በጀቱ 500 ዓመት የቆየለት?

ሰውዬውን ግን ደግ ብቻ አድርገን አንተወውም። ይኸው ካርዲናል በ1451 የጳጳሱ መልእክተኛ ሆኖ በጀርመን ሲዘዋወር አይሁድ በልብሳቸው ላይ መለያ ምልክት እንዲያደርጉ ደንግጓል። የድሆችን እርጅና ያሰበ አእምሮ የጎረቤቱን ልብስ ላይ ምልክት አኖረ።

አይሁድ በሞዘል ዳር ጥንታዊ ናቸው። በ1096 የመስቀል ጦረኞች በራይን ዳር ያሉትን ማኅበረሰቦች ሲያጠፉ የትሪየር አይሁድም ደርሶባቸዋል። በ1418 ከትሪየር ተባረሩ፤ የአይሁድ መንገድ የሚባለው ጠባብ ጎዳና ግን ከገበያው አደባባይ አጠገብ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በኋለኞቹ ዘመናት ተመልሰው በከተሞቹና በየመንደሩ ኖሩ፤ የከብት ነጋዴዎች ነበሩ፣ ወይን የሚያሻሽጡም ነበሩ። በጥቅምት 1941 ከሉክሰምበርግና ከትሪየር አካባቢ የተሰበሰቡ አይሁድ በአንድ ባቡር ወደ ሎጅ ጌቶ ተወሰዱ። ከዚያ የተመለሰው ጥቂት ነው።

ማርክስም ከዚሁ ማኅበረሰብ የተገኘ ነው። በ1818 ትሪየር ተወለደ። አያቱ የከተማዋ ረቢ ነበሩ፤ አባቱ ግን በፕሩሺያ አገዛዝ ሥር በጥብቅና ለመቀጠል ሲሉ ክርስትና ተነሡ። እሱ ራሱ ኋላ ስለ አይሁድ የጻፈውን ስናነብ ደስ አላለንም፤ ይህ ግን ሌላ ጥናት ይፈልጋል። ለአሁኑ ጉዳያችን የሚያስፈልገን የ24 ዓመቱ ማርክስ ነው፤ ዕድሜው ከእኛ ጋር ይቀራረባል፣ ሥራውም በኮሎኝ ከተማ የሚታተም የአንድ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅነት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1815 አገሩ ወደ ፕሩሺያ መንግሥት ገባ። በ1818 የወጣው የቀረጥ ሕግ የውጭውን ወይን ስላስወደደው የሞዘል ወይን በመላው ፕሩሺያ ገበያ አገኘ። ዋጋው ጥሩ ነበርና ገበሬው ተበድሮ ተጨማሪ ገደል አለማ። ከዚያ ፕሩሺያ ከሌሎቹ የጀርመን መንግሥታት ጋር በየተራ ተስማማች፤ በ1834 የጋራ የቀረጥ ማኅበር ተቋቋመና ከደቡብ የሚመጣው ርካሽ ወይን ያለ ቀረጥ ገባ። የሞዘል ዋጋ ወደቀ። ግብሩ ግን አልወደቀም፣ ብድሩም አልወደቀም። በዚያ ላይ ከፈረንሳይ ዘመን በቀረው ሕግ ውርስ ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፈል ስለነበር የአንድ ቤተሰብ መሬት ብጥስጣሽ ሆኖ ነበር።

በትሪየር የነበረው የወይን ልማት ማኅበር የገበሬውን ወጪና ገቢ አስልቶ ገበሬው ከኪሱ እየከፈለ እንደሚሠራ ለመንግሥት አመለከተ፤ ግብሩ እንዲቀነስም ጠየቀ። መንግሥት አቤቱታውን እንዲመረምር የሰጠው ለራሱ የመሬት ምዝገባ ሹም ነበር። ሹሙ ስሌቱን አልተቀበለም፤ ያቀረቡት ባለጉዳዮቹ ስለሆኑ የተጋነነ ነው አለ። በ1842 መጨረሻ በማርክስ ጋዜጣ ላይ የገበሬዎቹን ችግር የሚያነሣ ጽሑፍ ሲወጣ የአውራጃው ጠቅላይ ሹም "ማስረጃህን አምጣ" አሉ። ማርክስ በጥር 1843 በተከታታይ እትሞች መልስ ሰጠ።

ያነበብነው ይህንን መልስ ነው፤ አብዛኛው ደረቅ ነው፣ ሰነድ በሰነድ ላይ የተደረደረበት። የሚያስደነግጠው ግን ሹሙን ክፉ ሰው ነው ብሎ አለመነሣቱ ነው። ሐሳቡን በራሳችን ቃል ስናስቀምጠው ይህን ይመስላል። አንድ ሹም አገሩን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ደህና አድርጎ እንደሚያስተዳድርም ያምናል። ስለዚህ "ተቸገርን" የሚል ሰው ሲመጣ የሚሰማው "በደንብ አላስተዳደርክም" የሚል ክስ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ሹሙ ችግሩ የለም ይላል፤ ወይም ከተፈጥሮ የመጣ ነው ይላል፤ ወይም የሰዎቹ የራሳቸው ጥፋት ነው ይላል። የበላዩ እውነቱን ማወቅ ሲፈልግ ማንን ይጠይቃል? አገሩን የሚያውቀውን የበታች ሹም ነዋ! የበታቹም የሚመልሰው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው። ፋይሉን የጻፈው እሱው ነው። ወሬው በአንድ ግቢ ውስጥ ይዞራል እንጂ ከግቢው አይወጣም።

ሌላም ነገር አለ። ጋዜጣው ቋንቋው ሻካራ ነው ተብሎ ተከሶ ነበር። ማርክስ ሲመልስ፣ የችግርን ድምፅ በየቀኑ በቅርብ የሚሰማ ሰው ቃል እየመረጠ እንዲናገር መጠበቅ አይቻልም አለ።

እዚህ ላይ የጥናት ክፍላችን ፀጥ አለ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በልጅነታችን ለወላጆቻችን አስተርጓሚ ሆነን ቢሮ ገብተናል። አባት በአማርኛ አምስት ደቂቃ የተናገረውን እኛ በዕብራይስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥረን እናቀርባለን፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው ሴት ደግሞ ያንን በሁለት ቃል ትጽፋለች። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ የሚያነበው አባታችንን ሳይሆን እነዚያን ሁለት ቃላት ነው። "አይተባበርም" የሚል ቃል አንዴ ከተጻፈ የሚያጠፋው የለም። እናት ድምፅዋን ከፍ ካደረገች ደግሞ ቁጣዋ ይጻፋል፣ ያስቆጣት ነገር ይቀራል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከጠረጴዛው ማዶ ኦቬዴት ሶሲያሊት ሆነን የምንቀመጠው እኛ ነን። የሞዘሉ ሹም ጉዳይ ያስጨነቀን ለዚህ ነው፤ ሰውዬው አልዋሸም ይሆናል፣ የሚያውቀውን ነው የጻፈው።

ሁላችንም ግን አልተስማማንም። አንዱ ጓደኛችን፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው፣ ገበሬዎቹም በደጉ ዘመን ያለ ልክ ተክለዋል፣ ግብር ቢቀነስላቸው ዋጋው አይነሣም ብሎ ተከራከረ። ልክ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይህን ከገበሬው ጋር ተቀምጦ መነጋገር አንድ ነገር ነው፣ ስሌቱን የሠራው ባለጉዳይ ነው ብሎ መጣል ሌላ ነው። ማርክስ የጠየቀው መፍትሔ ሹምም ዜጋም እኩል ሆነው የሚነጋገሩበት ሦስተኛ ቦታ ነው፤ እሱ ነፃ ጋዜጣ ነው አለ። የጽሑፉን ቀሪ ክፍል ሳንሱር አላሳለፈውም፤ ጋዜጣውም በመጋቢት 1843 መጨረሻ ተዘጋ። ማርክስ በ1859 ወደ ኋላ ተመልክቶ ሲጽፍ የኢኮኖሚ ጥያቄ እንዲያጠና ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የሞዘል ገበሬዎች ጉዳይ እንደነበር ተናግሯል።

ገበሬዎቹስ? ጋዜጣው አልታደጋቸውም። ከሸለቆውና በተለይም በስተደቡብ ካለው ከሁንስሩክ ደጋ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ገሚሱ ወደ አሜሪካ፣ ገሚሱ ከ1824 ጀምሮ ወደ ደቡብ ብራዚል። የሁንስሩክ ቋንቋ ብራዚል ውስጥ በነዚያ ሰዎች ልጆች አፍ እስከ ዛሬ አለ። ይህን የሰማች አንዲት ጓደኛችን "የእኛስ አማርኛ?" አለች፤ መልስ አልሰጠናትም። የቀሩትን ለመርዳት ትሪየር ይኖር የነበረ ሉድቪግ ጋል የሚባል የድሆች ተቆርቋሪ በ1850ዎቹ ፀሐይ ባነሰበት ዓመት የኮመጠጠውን የወይን ጭማቂ በስኳርና በውኃ ማስተካከልን አስተማረ። ድሀው ገበሬ መናኛ ምርቱን መሸጥ ቻለ፤ ንጹሕ ወይን እንሠራለን የሚሉት ደግሞ አጭበርባሪ አሉት። ከአይፍል ማዶ ባለው በአር ሸለቆ የማይሾስ ገበሬዎች በ1868 የወይን ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቁጣው ግን አልበረደም ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1926 የወይን ገበሬዎች በርንካስቴል ኩዝ ተሰብስበው የግብር መሥሪያ ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ፋይሎቹን በመስኮት ወደ መንገድ ጥለው አቃጠሉ። ማኅበራችን ይህን አይመክርም! በዚያው ዓመት ጸደይ ግን የወይኑ ግብር ተነሣ። ከ80 ዓመት በፊት በስሌትና በጨዋ ደብዳቤ ተጠይቆ እምቢ የተባለው ዓይነት ነገር ፋይል ከተቃጠለ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ተፈቀደ። ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደምንል ገና አልጨረስንም።

ዛሬ ሞዘል ድሀ አገር አይደለም። ወንዙ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሉክሰምበርግ በ1956 በተፈራረሙት ውል በግድብና በመርከብ ማሳለፊያ ተስተካክሎ ከ1964 ጀምሮ ትልልቅ መርከብ ይሄድበታል። በ2019 ወደ 160 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው የመኪና ድልድይ ከሸለቆው በላይ ተከፈተ፤ ከሥሩ የሚኖሩ ወይን ገበሬዎች ለብዙ ዓመት ተቃውመውት ነበር። የወይን ማሳው ግን እየጠበበ ነው። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት ከ12,000 ሄክታር በላይ ነበር፤ አሁን ከ9,000 በታች ነው። መጀመሪያ የሚተወው ቀጥ ያለው ገደል ነው፤ ሽማግሌው ያርፋል፣ ልጁ ከተማ ሥራ ይይዛል፣ እርከኑን ቁጥቋጦ ይውጠዋል።

ከእናንተ ለልውውጥ ትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ ካለ ከኮብሌንዝ ወደ ትሪየር በባቡር ይሂድ። ከኮኸም ቀጥሎ ባቡሩ በ1879 የተከፈተ ከ4 ኪሎሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ በውጭ ከ20 ኪሎሜትር በላይ የሚዞረውን ዋሻው በጥቂት ደቂቃ ይቆርጠዋል። ስትወጡ ኤለር የምትባል መንደር ናት፤ ካልሞንት የሚነሣው ከዚያ ነው። በመስኮት ቀና ብላችሁ እዩ፤ መከር ከሆነ ሰዎቹ ከነቅርጫታቸው ገደሉ ላይ ይታያሉ።